አያ ቢምረውና ሽቅብ የምታዜመው ሞተር

አያ ቢምረው መሞቱን የሰማሁት አዲ አርቃይ፣ ከማኪናዬ ሆድ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። ከጎንደር የወረደ አንድ ሾፌር አጠገቤ አቆመና በመስኮት ብቅ ብሎ፣

«ተሻገር! ያ ያንተ ባለ አሞራ አረፈ እኮ» አለኝ።

«የትኛው ባለ አሞራ?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«ብስክሌት ጠጋኙ ነዋ! ትናንት ቀበርነው። ሳንባውን ነው አሉ።»

እኔ ተሻገር፣ ሊማሊሞን በአንድ እጄ የምወርደው (ሌላው እጄ ቆሎ ይዟል)፣ ከማኪናው ሥር ሳልወጣ ቆየሁ። ሰውየው «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ሲለኝ «ዘይት ዓይኔ ገባ» አልኩት። ያን ቀን ማኪናዬ አንዲት ጠብታ ዘይት አላንጠባጠበችም።

ስለ እሱ ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ለመጻፍ አልተፈጠርኩም፤ ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳልጀምር አጥር ዘልዬ የጠፋሁ ሰው ነኝ። መንዳት ላይ ግን ከጎንደር እስከ አስመራ ጠይቁ። ሊማሊሞ እኔን ሲያይ ራሱ ይቃናል ይባላል። የሚለው ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔው ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል። ስለዚህ ጽሑፌ ካነከሰ መንገዱ ነው ብላችሁ እለፉት።

አያ ቢምረው ፒያሳ፣ ጣልያን ከሠራቸው ቤቶች ባንዱ በረንዳ ሥር ብስክሌት የሚያከራይና የሚጠግን ሰው ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገቱ ከነጠላው ላይ እንደ ሰጎን ብቅ ያለ። ሰው ብስክሌት ይዞለት ሲመጣ ምን ሆነች ብሎ አይጠይቅም። ገልብጦ ያቆማታል፣ ጎማዋን ያሾራል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ የጎማዋን ሽቦዎች በመፍቻ ተራ በተራ ይመታል። ቲን፣ ቲን፣ ቲን፣ ጥን።

«ይቺ ናት» ይላል። «ይቺ አኩርፋለች።»

ያኮረፈችውን ያጠብቃታል፤ ይመታታል፤ ከጓደኞቿ ጋር እኩል ስትል ዓይኑን ይገልጣል።

«አያ፣ ብስክሌት ነው ወይስ በገና ነው የምትጠግነው?» እለዋለሁ።

«ጆሮ አይዋሽም ተሻገር፤ የሚዋሸው ሰሚው ነው» ይለኛል። ይህችን አባባል ለፖሊሱም፣ ለዳቦ ሻጩም፣ ለኔም እኩል ያድል ነበር። ምን ማለት እንደሆነች የገባኝ ቆይቶ ነው። እሱም የገባው ቆይቶ ነው።

ሰው ሲጠራ አይጮኽም። ከጠረጴዛው ላይ የብስክሌት ደወል ሰክቷል፤ እሷን ይደውላል። ለልጅ አንዴ፣ ለትልቅ ሰው ሁለቴ፣ ለኔ ደሞ እስኪደክመው። የማይጮኸው በምክንያት ነው። ቀስ ብሎ ሲያወራ ድምፁ ወፍራም፣ ሸጋ ድምፅ ነው። ከፍ ላድርገው ካለ ግን መሃል ላይ ስንጥቅ ይልና እንደ ጫጩት ይቀጥናል። የሰፈር ልጆች ያን ለመስማት ሲሉ ብቻ ብስክሌቱን ይዘው ይሮጡበት ነበር፤ እሱም ደወሉን ከጠረጴዛው ነቅሎ እየደወለ ይከተላቸዋል።

ድምፁ እንዲህ የሆነበትን ታሪክ ጎንደር በሙሉ ያውቀዋል፤ ጎንደሬ ያልሆናችሁ ደሞ ከኔ ስሙት። አባቱ የዜማ መምህር ናቸው። የኔታ ነው የምንላቸው፤ እኔም እዚህ ሌላ ስም አልሰጣቸውም። ከሳቸው ደጅ ስንት አገር ተማሪ ተመርቋል። አያ ቢምረው በልጅነቱ የእሳቸው ተማሪ ነበር፣ ያውም ዓይናቸው። ታዲያ ጎረምሳ ሳለ ጉሮሮውን ታሞ ከረመ። ሲነሳ ድምፁ ሁለት ሆኖ ተነሳ። ለሰው አልተናገረም፤ ይድናል ብሎ ደበቀው። የደብሩ ዓመት በዓል ሲደርስ የኔታ ካህናቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት «ቢምረው፣ ምራ» አሉት። መራ። ታች ታቹን ሸጋ አድርጎ ሄደና ዜማው ሽቅብ ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተሰነጠቀ። የኔታ ልጃቸው ዜማ አፋለሰ ተብሎ ሲንሾካሾክ ሰሙ። መቋሚያቸውን ከመሬት መቱና፣

«ዝም በል!» አሉት።

ዝም አለ። በቤተ ክርስቲያኑ በር ወጣ፤ ብስክሌት ጠጋኝ ሆነ። ባንድ ከተማ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደወል እየሰሙ፣ አባትና ልጅ ቃል ሳይለዋወጡ እኔ ተወልጄ፣ አድጌ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። በዚህ መሃል የኔታ ዓይናቸው በእርጅና ጠፋ።

«ምነው አያ፣ ሄደህ እግራቸውን አትስምም?» አልኩት አንድ ቀን።

«እስማለሁ። በበዓል በበዓል እሄዳለሁ፤ ጉልበታቸውን ስሜ እመጣለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሉሃል?»

«ምንም።»

«አንተስ ምን ትላቸዋለህ?»

እንደ እብድ አየኝ። «ዝም በል ብለውኛል እኮ! መምህሬ ናቸው። ተማሪ ዝም በል ከተባለ መምህሩ ካላነሱለት አፉን አይከፍትም።»

ከቄስ ትምህርት ቤት መጥፋቴ ምን ያህል እንደጠቀመኝ ያን ቀን ገባኝ።

አሁን ወደ አሞራዋ ልግባ። አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ለመንገድ ሥራ መጥቶ ጎንደር ሰንብቶ ነበር። እሁድ እሁድ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ክንዱን ዘርግቶ የሚያቅፋትን የምታህል አውሮፕላን ያበር ነበር። አትሄድበትም፤ ከግራ ክንፏ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ታስራለች፤ እሱ መሃል ቆሞ የሽቦውን እጀታ ይዞ ይሽከረከራል። እጀታውን ወደ ላይ ሲያዘነብል ትወጣለች፣ ወደ ታች ሲያዘነብል ትወርዳለች። ከፈለገ ባናቱ ላይ ያሻግራታል፣ በጀርባዋ ያስተኛታል። አያ ቢምረው ሱቁን ዘግቶ እየሄደ ዙሪያውን ይቆም ነበር። ፈረንጁ ብስክሌቱን የሚያስጠግነው እሱ ጋ ስለነበር ተላመዱና እጀታውን ያስይዘው ጀመር። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ አውሮፕላኗን ለአያ ቢምረው ተወለት። ሞተሯን ግን ነቅሎ ይዞ ሄደ። ፈረንጅ ሲሰጥም እንዲህ ነው፤ በቅሎዋን ይሰጥህና እግሯን ያስቀራል።

አያ ቢምረው አፍንጫ አልባዋን አውሮፕላን ከጣሪያው ላይ ሰቅሎ ክረምቱን ሙሉ አያት። ከዚያ ደወሉን ደወለልኝ።

«አስመራ መቼ ነው የምትሄድ?»

«ምን ላምጣልህ?»

«አታመጣልኝም። እኔው እሄዳለሁ። ሞተር በሰው ጆሮ አይመረጥም።»

«አያ፣ በዚህ ዕድሜህ መጫወቻ?»

ነጠላውን አስተካከለ። ነጠላውን የሚያስተካክለው የሚናገረው ነገር ሲከብደው ነው። «የኔታ አያዩም» አለ ቀስ ብሎ። «ጆሯቸው ግን አለ። በድምፄ ልናገራቸው አልችልም፤ ተከልክያለሁ። በእጅህ ተናገር አትናገር አላሉኝም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጊዜ «ነገ እህል ጭኜ እወርዳለሁ፣ ተዘጋጅ» ብቻ አልኩት።

ሊማሊሞን ስንወርድ ዓይኑን ጨፈነ። ፈራ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ «የግራ ኋላ ፍሬንህ ያቃስታል» አለኝ። ተቆጣሁ! ማኪናዬን? አዲ አርቃይ ስንደርስ እሱ ሳያይ አየሁት። ያገኘሁትን አልነግራችሁም።

አስመራ ላይ አንድ ሽማግሌ ጣልያን የመጫወቻ ሱቅ ነበረው። ትንንሽ ባቡር፣ ትንንሽ መርከብ፤ የጣልያን ልጅ ሁሉ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ የሚለጥፍበት። አያ ቢምረው አሞራዋ ባናት ላይ ስትሻገር በእጁ አሳየው፤ ሰውየውም ሦስት ሞተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልን። አንዱ ቡጢ ያክላል። ሁለቱ እኩያሞች ናቸው፣ እንቁላል እንቁላል የሚያክሉ።

«ትልቁን!» አልኩ እኔ። «አያ፣ ጥያቄም የለው። ትልቁን ነው እንጂ!»

አያ ቢምረው ቡጢውን አንስቶ መዘነው። «አፍንጫዋን ይደፋዋል።»

ጣልያኑም የተሰባበረ አማርኛውን ጨመረበት፤ ያ ትልቁ የሚጠጣው ኤተር ነው፣ ሆስፒታል ሰው የሚያስተኙበት።

«ተወው በቃ» አልኩ። «ሞተሩ ሳይነሳ እኛ እንተኛለን።»

ሁለቱ ታናናሾች ግን የሚጠጡት አልኮል በጉሎ ዘይት የተደባለቀ ነው። አልኮሉን ጣልያኑ በጣሳ ይሸጣል። ጉሎ ደሞ ጎንደር ውስጥ ያልበቀለበት አጥር የለም፤ ልጆች ፍሬውን ሲወራወሩበት ነው የሚውሉት። እንግዲህ ምርጫው ከሁለት አንድ ሆነ።

ጣልያኑ የመጀመሪያውን እንጨት ላይ አሰረው፤ በባትሪ ድንጋይ ካንዴላውን አጋለና ውልብልቢቱን በጣቱ መታው። ዚ... ብሎ ተነሳ። አንድ ወጥ፣ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። እንጨቱን ብድግ አድርጎ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሲያቀናው ያችኑ ዚውን ይዞ ቆየ፤ ትንሽ የደከመው ይመስላል፣ ግን ከዜማው አልወጣም። አያ ቢምረው ዓይኑን እንደጨፈነ ራሱን ነቀነቀ።

ሁለተኛዋን አስነሳት። ይቺ ደሞ ጉርምርም ባይ ናት። ቡር፣ ቡር፣ ቡር ትላለች፤ ጉሮሮዋ ውስጥ አክታ ያለ ይመስላል። ጣልያኑ ሳቅ ብሎ እንጨቱን ወደ ላይ ቀና ሲያደርጋት ድንገት ድምፅዋ ተሰነጠቀና ዚ... አለች፣ ቀጭን። ወደ ታች ሲመልሳት ቡር፣ ቡር። ቀና፣ ዚ። ጋደም፣ ቡር።

አያ ቢምረው ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«አጥፋት» አለ። «ታፋልሳለች።»

ጣልያኑ እጁን አየር ላይ በተነ። «አይ አይ አይ! ያ ሩጫ ነው! ይቺ ጭፈራ! አንተ ጭፈራ ይፈልጋል፣ ሩጫ ይገዛል?»

«አያ፣ ሰውየው የሚያውቀውን ነው የሚለው» አልኩት።

«ዜማዋን ያልጠበቀች ነገር የኔታ ፊት አላቆምም!» አለ። ከፍ አድርጎ ነበርና የተናገረው ድምፁ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። ጣልያኑ ሞተሯን አየ፤ እሱን አየ፤ የመጀመሪያውን ጠቀለለለት።

ስንመለስ ሊማሊሞን ስንወጣ ማርሽ ቀየርኩ፤ ማኪናዋ ጉርምርምታዋን ትታ አጓራች። «ይኸው አያ፣» አልኩት፣ «ሽቅብ ሲሆን ድምፅዋን የማትቀይር ማኪና ገደል ነው የምትገባ።» ሞተሩን ነጠላው ውስጥ ጠበቅ አድርጎ አቀፈው። ይህን ያነሳሁት ማን ቀድሞ እንዳወቀ እንዲመዘገብልኝ ነው።

ጎንደር ገብተን ጉሎ አስለቅመን ዘይቱን አስጨምቀን፣ በእሁዱ ሜዳው ላይ ወጣን። ሰው ከበበን። እኔ አውሮፕላኗን ይዤ ስለቃት እንደ ጥይት ሄደች። አያ ቢምረው መሃል ሆኖ ሲሽከረከር ነጠላው ተገፎ ወደቀ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ባናቱ ላይ ላሻግራት ብሎ እጀታውን ሽቅብ አለ። ሞተሩ ዚውን እንደያዘ ትንሽ ወጣና ትንፋሹ አጠረው፤ ድምፁ ሳይለወጥ ጉልበቱ ሞተ። ሽቦዎቹ ላሉ። እጀታው ባዶውን ቀረ። እሷ ከሰማይ መሃል ዞራ፣ አፍንጫዋን ደፍታ መሬት ገባች።

«አያ! አሞራህ ጥሬ ሥጋ አየች መሰለኝ!» አለ አንዱ ባለጌ። ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ አያ ቢምረው የክንፏን ስባሪ አንድ በአንድ እየለቀመ ነጠላው ውስጥ ሲያስቀምጥ ሳየው ግን ባለጌውን ሄጄ ገፈተርኩት። ገፈተርኩት ብቻ ነው፤ በጥፊ ብመታው አዘዞ ነበር የሚያርፈው።

ክንፏን በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ፣ ከራሱ ነጠላ ጫፍ ቀዶ አልብሶ ጠገናት። ሞተሩን ግን አልነካውም። «ዜማውን ጠብቋል እኮ» ይላል። «ለምን ወደቀ?» ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይጠይቃል። ብስክሌት የሚያስጠግን ሁሉ መልስ ይዞ እንዲመጣ ይጠበቅበት ጀመር።

መልሱ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። የደብሩ ዓመት በዓል ዕለት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ ካህናቱ ቅጥር ግቢው ውስጥ ወረብ ያዙ። እኔና እሱ ከሰዉ ኋላ አጥሩ ጥግ ቆመናል። መጀመሪያ በዝግታ ነው፤ መቋሚያው ወዲህ ወዲያ ይወዛወዛል፣ ከበሮው በየመሃሉ ዱም ይላል፣ ድምፁ ወፍራምና ከባድ ነው። ቆየት ብሎ ከበሮ መቺው ወገቡን ሰበቀ። ያው ቃል፣ ያው ዜማ ነው፤ ግን ከበሮው ፈጠነ፣ ጸናጽሉ ረገፈ፣ ጭብጨባው ቀለጠ፣ ድምፁ ቀጥኖ ሽቅብ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ካህናት ከመሬት ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም።

አያ ቢምረው ክንዴን ጨመደደኝ። እስካሁን ምልክቱ አለ ብል ውሸት ነው፤ ግን ሰነበተ።

«ተሻገር፣ አፋለሱ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! አንተ ነህ የምታውቅ።»

«አላፋለሱም» አለ። «ሊነሱ ሲሉ ነው የተለወጡት። ካልተለወጡ አይነሱም።» ከዚያ ረጅሙን አንገቱን ነጠላው ውስጥ ቀበረ። «ሰሚው ነው የዋሸው። እኔ ነኝ። ሌላ ሰው በኔ የፈረደውን እኔ በዚያች ጉርምርም ባይ ሞተር ፈረድኩባት።»

ሊማሊሞ ላይ ነግሬህ ነበር ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ይህን ማድረግ ለኔ ቀላል አይደለም።

በሚቀጥለው ጉዞዬ ሩጫውን ሞተር ከአርማጭሆ ማር ጋር ይዤ ጣልያኑ ዘንድ ደረስኩ። ማሩን አሸተተ፣ ሞተሩን አየ። «ረጅሙ ሰውዬ?» አለ፤ ሳይጨቃጨቅ ያችን ጉርምርም ባይ ከመደርደሪያ አወረደና ውልብልቢት መርቆ ሰጠኝ።

አያ ቢምረው እሷን ከገጠማት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። በነጋ በጠባ ነዳጅ የምትመጥነውን መርፌዋን በጥፍሩ ትንሽ ትንሽ እያዞረ ድምፅዋን ያርማል። «አየህ፣ ጋደም ስትል ትንሽ ጠግባ ማጉረምረም አለባት» ይለኛል፤ «ቀና ስትል ያን የተረፋትን ታወጣዋለች። አስቀድሞ የጮኸ ሽቅብ ላይ ምን ይቀረዋል?» እኔን እያየ ነበር የሚናገረው፤ ምን ለማለት እንደፈለገ አልጠየቅኩትም። ሜዳው ላይ ስናወጣት በደረቷም በጀርባዋም ታዘዘችለት። ባናቱ ላይ ስታልፍ ሽቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ነው።

የቀረው የኔታን ማምጣት ነው። «አይመጡም» አለ። «መጫወቻ ልስማ ብለው ከደጃቸው አይወጡም።»

«ተወው ለኔ» አልኩት። እኔ የያዝኩት ነገር መቼ ቀርቶ ያውቃል?

የኔታ ማክሰኝት ለክርስትና መጠራታቸውን ሰማሁ። ሄጄ «የኔታ፣ በማኪናዬ ላድርስዎ» አልኩ። ጋቢና አስቀመጥኳቸው፤ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ። እየባረኩኝ፣ እኔም እየተባረክሁ ሜዳው አጠገብ ስንደርስ ቁልፉን አጠፋሁና «ኧረ! ኧረ! ማኪናዋ!» አልኩ።

«ምን ሆነች?»

«ተበላሸች፣ የኔታ።»

«ቅድም ደኅና ነበረች።»

«እንዲህ ናት፤ አመለኛ ናት።» ወርጄ መከለያዋን ከፈትኩና ለአያ ቢምረው በእጄ ምልክት ሰጠሁት። አንድ ብስክሌት የተከራየ ጎረምሳ አውሮፕላኗን ይዞለት ነበር፤ ለቀቃት።

ቡር፣ ቡር፣ ቡር ብላ ዞረች። የጉሎው ጢስ እኛ ጋ ደረሰ። የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አውሮፕላን ነው፣ የኔታ። ትንሽ ናት፤ በሽቦ የታሰረች።»

«ታስራ ትበራለች?»

«ትበራለች፣ የኔታ።»

በዞረች ቁጥር መቋሚያቸው ከጋቢናው ወለል ላይ ቀስ እያለ ጠቅ ይላል። አስበውበትም አይመስለኝም። ከዚያ አያ ቢምረው እጀታውን ሽቅብ አለው። ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ዚ ብላ ቀጥና ወጣች፣ ባናቱ ላይ አለፈች፣ ወርዳ ወደ ጉርምርምታዋ ተመለሰች። መቋሚያው ቆመ። እንደገና ወጣች። በዚህኛው መቋሚያው አብሯት ፈጠነ፤ ስትወርድ አብሯት ረጋ። ስትወጣ ይፈጥናል፣ ስትወርድ ይረጋል።

«የያዛት ማነው?» አሉኝ።

እኔ መከለያዋ ሥር ጠልቄ የማይፈታ ብሎን መፍታት ጀመርኩ። የኔታም ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ነዳጅዋ አለቀና ጸጥ ብላ ሣሩ ላይ አረፈች። የኔታ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ደግፌ አወረድኳቸው። በሜዳው መሃል ለመሃል ወሰድኳቸው። አያ ቢምረው እጀታውን እንደያዘ ደርቆ ቆሟል። አባቱን አያቸው። አፉን አልከፈተም። አልተፈቀደለትም እኮ! እኔ በሆዴ «ተናገር አንተ ሰውዬ!» እያልኩ ነው። የኔታ ፊታቸውን የጉሎው ሽታ ወደመጣበት መለሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ድገም» አሉ።

ዜማ ቤት ያልዋለ ሰው ይህችን ቃል ቀላል አድርጎ ያያታል። መምህር ድገም የሚሉት ሊሰሙት ለሚፈልጉት ተማሪ ነው። ዝም በል የተባለው ቃል በዚህች ተነሳ።

«እሺ፣ የኔታ» አለ አያ ቢምረው። እሺው ወፍራም ነበር፤ «የኔታ» የምትለዋ ቃል ግን መሃል ላይ ተሰነጠቀችና ቀጠነች። እንደ ልማዱ ሊያይ ከከበበው ሰው አንድም የሳቀ የለም።

ማክሰኝት ስንደርስ ክርስትናው አልቆ ሕፃኑ ተኝቷል። ጥፋቱን በማኪናዬ አመካኘሁ፤ ስሟ እስከ ዛሬ እዚያ አገር አልጸዳም።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ አያ ቢምረው አባቱን እየመራ ሜዳው ላይ ያወጣቸው ነበር። የኔታ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያርሙታል። «ስትመለስ ቸኮልክ» ይሉታል፤ «ከፍ ያለውን ቶሎ አትልቀቀው።» እሱም «እሺ፣ የኔታ» ይላል፤ ይመልሳል፣ ይከራከራል፣ ያወራል። የዚያን ሁሉ ዓመት ወሬ ነው ያወራላቸው። ሱቁ ውስጥ ያለችው ደወል ዝገት በላት፤ ሰው ሲፈልግ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ መጮኽ ጀምሮ ነበራ።

ከአዲ አርቃይ ጎንደር እንደገባሁ ጭነቴን ሳላራግፍ የኔታ ቤት ሄድኩ። ለቀስተኛው ሳስቷል። መደብ ላይ መቋሚያቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ገና ደጁን ስረግጥ፣

«ተሻገር ነህ?» አሉኝ። «ማኪናህ ዛሬም ተበላሸች?»

ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቁ ነበር! እኔ ደሞ በዚያች ተንኮሌ ስንት ጠላ ቤት ጎርሬባታለሁ።

ጉልበታቸውን ስሜ ቁጭ አልኩ። መቋሚያቸውን እየዳበሱ፣

«ያችን አምጣት» አሉ።

ወደ ሱቁ ሄጄ ሞተሯን ከአውሮፕላኗ ፈታሁ። ጣልያኑ እንዳደረገው እንጨት ላይ አሰርኳት፤ የነዳጅ ቋቷን ከኋላዋ ገጥሜ፣ አያ ቢምረው ካስቀመጠው ጠርሙስ ሞላሁ። ደጁ ላይ አስነሳኋት። ቡር፣ ቡር፣ ቡር። መቋሚያው ቀስ እያለ ከመሬት ጠቅ፣ ጠቅ ይል ጀመር። ቆየን። እሷ ታጉረመርማለች፤ መቋሚያው ይጠብቃል።

«ምነው፣ አትወጣም?» አሉ።

«የኔታ፣ የሚያወጣት...» ብዬ አልጨረስኩትም።

እንጨቱን ከነሞተሯ በሁለት እጄ ጨበጥኩና አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ብድግ አደረግኳት። እጄን አንዘረዘረችው። ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ ቀጠነ፣ ወጣ። መቋሚያውም ተከትሏት ፈጠነ። ዝቅ ሳደርጋት ረጋ፤ ብድግ ሳደርጋት ፈጠነ። ክንዴ ዛለ፤ እኔ ተሻገር ክንዴ ዛለ እላችኋለሁ። ነዳጅዋ እስኪያልቅ ድረስ አላወረድኳትም። አልቆ ጸጥ ስትል የጉሎው ጢስ ብቻ ደጁ ላይ ቀረ።

የኔታ ፊታቸውን ወደ ጢሱ መለሱ።

«ድገም» አሉኝ።

ጠርሙሱን አነሳሁ።